የመጀመሪያው እምቢታ

የቀን ሺፍቴን የወሰደብኝ የአገሬ ሰው ነው። ሌባ ነው አልልም፤ ሌባ ሳታየው ነው የሚወስድ። ይኼኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ የተናገርኩትን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ ነው የወሰደብኝ።

አሁን ደህና ነኝ። ይኼን የምጽፈው እራቴን በልቼ፣ እግሬን ዘርግቼ ነው። ግን ደህና መሆን ሌላ፣ ነገሩን መርሳት ሌላ።

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። አንሶላና ፎጣ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይታጠፋል፣ ነገ ያው ራሱ ቆሽሾ ይመለሳል። ያን ጊዜ የምገባው ከሰዓት በኋላ፣ የምወጣው ማታ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ሳይነጋ ወጥታ፣ እኔ ልወጣ ስል ትመለሳለች። የምንገናኘው በር ላይ ነበር። እሷ ጫማዋን ስታወልቅ እኔ የኔን አስራለሁ። «ማታ ወጡ ምድጃው ላይ ነው» ትለኛለች። «መኪናዋ ድምፅ ታሰማለች» እላታለሁ። አለቀ። እኔ ክሎክ አውት አድርጌ፣ መውጫዬን አስመዝግቤ፣ ያን ሁሉ ሃይዌይ ነድቼ፣ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ያለው አፓርትመንታችን ስደርስ እሷ ተኝታለች። ባልና ሚስት ሳንሆን ሺፍት የምንቀያየር ሠራተኞች መስለን ነበር።

አንድ ቀን የቀን ሺፍቱ ኃላፊ ሥራውን ለቀቀ። ማናጀሩ እኔን አስጠራኝ። ያን ጊዜ የኔ እንግሊዝኛ «ዬስ»፣ «ኖ» እና «ታወል» ነበር። ማንበብማ በአማርኛም አልችልም። ዲቪው የደረሳት ለባለቤቴ ነው፤ እኔ ከሻንጣዋ ጋር ነው የመጣሁት። ስለዚህ እዚያው አብሮኝ የሚያጥብ አንድ የአገሬ ሰው ሊያስተረጉምልኝ ገባ። ከአንድ ወረዳ ነን፤ እሱ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነው የመጣው።

ማናጀሩ ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሥራህን ወዶታል። የቀኑን ኃላፊነት ትወስዳለህ ወይ ነው የሚልህ» አለኝ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር አንድ ገበታ ስቀርብ ታየኝ። እና ምን አልኩ? አባቴ ቢሆን የሚለውን አልኩ። «ኧረ እኔ ምኑን ችዬው! ከኔ የተሻለ ሰው ሞልቶ! ይቅርብኝ» አልኩ። አንገቴንም ሰበር አደረግኩ።

ይኼ እምቢታ አይደለም። አማርኛ የሚያነብ ሰው ይኼን ከኔ መማር የለበትም። ሰው ቤት ሄደህ «ብላ» ሲሉህ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። «በሞቴ» ይሉሃል። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ጉርሻው አፍህ ላይ ሲደርስ ትከፍታለህ። በአንድ ቃል እጁን የሚዘረጋ ሰው ስሙ ስግብግብ ነው። ሹመት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ» ሳይል የተሾመ የዕድር ዳኛ እኔ አይቼ አላውቅም። ይለምኑታል፣ ይግደረደራል፣ ደግመው ይለምኑታል፣ እየተነጫነጨ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ግን ወንበሩን ከቤቱ ያመጣው ነው የሚመስል።

አስተርጓሚው ይኼን ያውቃል። እናቱ እንደ እናቴ ነው ያሳደገችው። ያውቃል፣ ግን ወደ ማናጀሩ ዞሮ የሆነ ነገር አለ፤ አጭር ነበር። ማናጀሩ ራሱን ነቀነቀ፣ እጄን ጨበጠኝ፣ አመሰገነኝ። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ። በሩን ከፈተልኝ።

በሳምንቱ የቀኑ ኃላፊ አስተርጓሚው ሆነ።

ባለቤቴ ስትሰማ አንድ ጫማዋን እንዳደረገች ቆማ ቀረች። «ሲግደረደሩ ጦም ማደር ማለት ይኼ ነው» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እሺ ብትል ምን ትሆን ነበር?»

«አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ነበር የምትዪው» አልኳት።

«እኔ? ዲቪ ደርሶሻል ሲሉኝ እኔ ምኑን ችዬው አልኩ እንዴ?»

የጫማዬን ክር አሰርኩ። ሥራ ሄድኩ።

አስተርጓሚውን የጠየቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሺፍት ስንቀያየር፣ ማድረቂያዎቹ መሃል።

«ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ያልከውን።»

«ምን ማለቴ እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

«ማለትህን አላውቅም፤ ያልከውን ነው የማውቅ። አትጨምር፣ አትቀንስ፤ የማስተርጎም ሕጉ ይኼ ነው። አልችለውም አልክ፣ አልችለውም ይላል አልኩት። የተሻለ ሰው አለ አልክ፣ የተሻለ ሰው አለ ይላል አልኩት። ይቅርብኝ አልክ፣ ይቅርብኝ ይላል አልኩት። እናቴ ትሙት፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩብህም።»

እውነቱን ነው፤ አልቀነሰም። የሚያንገበግበውም ይኼ ነው። ቢዋሽብኝ እከሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር ስለ ማሽን እንጂ ስለ ሌላ አላወራሁም። «ሁለተኛዋ ውኃ ታፈሳለች።» «እሺ።» በየቀኑ በር ላይ የማገኛቸው ሰዎች ሁለት ሆኑ፤ ሚስቴና እሱ።

ሁለተኛ የሰው አፍ አልዋስም ብዬ የማልኩት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ በምትሄድበት ቸርች ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቅ ሰው ያስተምሩ ነበር። ፊደል ስቆጥር አርባ አልፎኛል። መጀመሪያ የራሳችንን፣ ቀጥሎ የእነሱን። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሲያወራው ማልቀስ ይወዳል። እኔ አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ። በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ለሥራ ቤት ቀረሁ። ይኼን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ ሲነፍጉኝ የኖሩት፣ ብዬ ተናደድኩ።

ቸርች ያላስተማረኝን ደግሞ ብሬክ ሩም አስተማረኝ። የሠራተኛው ማረፊያ ክፍል ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያቃስት ፍሪጅ። እዚያ ሁለት መምህር አገኘሁ። አንዱ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን የሆቴሉን ሻትል የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሊቶኒያ ተወልደው ሊቶኒያ ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊ። ጢሜ የሸበተውን ሰውዬ «ያንግ ማን» ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። ሌላዋ ሪሴፕሽን የምትሠራ ሴት ናት፤ ከሰሜን፣ ከኦሃዮ ነው የመጣችው። የሁለቱም እንግሊዝኛ ከእናታቸው ጡት ጋር የገባ ነው። በእሱ ጉዳይ ግን ሲስማሙ ብዙ አላየሁም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ የሊፍት ነበር። የአንሶላ ጋሪ እየገፋሁ ሊፍቱ ጋ ስደርስ አንድ እንግዳ በሩን በእጁ ይዞ «ጎ አሄድ» አለኝ። ታዲያ እንዴት ቀድሜው እገባለሁ? «ኖ፣ ኖ፣ ዩ» አልኩት። «ፕሊስ፣ ጎ አሄድ» አለ። «ኖ፣ ኖ» አልኩ፤ በእጄም ወደ ውስጥ አሳየሁት። ሰውዬው ተገርሞ እጁን ለቀቀ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሊፍቱ ባዶውን ሄደ። ሁለታችንም ውጭ ተፋጠጥን።

ይኼን ስነግራቸው ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ያንግ ማን፣ ግባ ካለህ ግባ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሲልህ ጨዋ ነው። ሁለተኛ ካስባልከው ሆዱ ውስጥ ይሰድብሃል።»

«ቀድሞ መግባት ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ሊፍት ማስቆም ነው» አለች የኦሃዮዋ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሳልይዝ ገብቼ አላውቅም። እንግዳ ፎጣ አምጣልኝ ብሎ «ኖ ራሽ» ሲለኝ፣ አሁን ላምጣ ወይስ በኋላ? «አትቸኩል ማለቱ ነው፤ ያለውን እመነው» ትላለች ሴትዮዋ። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ በር ላይ ቆሞ ኖ ራሽ ካለህ፣ ሩጥ።»

አብራኝ የምታጥፍ አሜሪካዊት ደግሞ «አንድ ቀን ከሚስትህ ጋር ቤቴ መጥታችሁ ምሳ እንበላለን» ብላኝ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እሷም የምትለብሰውን አወጣች። ወራት አለፈ።

«ቀን ቆርጣለች?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አልቆረጠችም።»

«እንግዲያው ሰላምታ ነው የሰጠችህ። ቀን ያልተቆረጠለት ምሳ አይበላም።»

በዚህች ሴትዮዋም ተስማማች። ሽማግሌው ከአፋቸው በማይለዩት «ያል» ግን ተጣሉ። የቸርቹ መምህር ትክክለኛ እንግሊዝኛ አይደለም ብሎኝ ስለነበር ጠየቅኳቸው። «አትልመድ» አለች እሷ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «በእናንተ ቋንቋ ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰው የሚነገረው አንድ ነው?»

«የለም፤ ለአንዱ አንተ፣ ለብዙው እናንተ እንላለን።»

«እንግዲህ ያል ማለት እሱ ነው። ቃል የጎደለው የእሷ አገር ነው።»

እኔ ከሽማግሌው ጋር ቆምኩ። እናንተ የሌለው ቋንቋ ምን ቋንቋ ነው?

ይኼ ሁሉ ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሱን ለማውጣት ቃሉም ወኔውም እስኪመጣልኝ ጠበቅኩ እንጂ። አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዘንባል፣ ሻትሉ ቆሟል፣ ሁለቱም ተቀምጠዋል። ጣልኩት።

«አንድ ሰው የተሻለ ሥራ እንስጥህ ሲሉት መጀመሪያ ኖ ቢል፣ ስንት ጊዜ ነው የሚጠይቁት?»

«አንድ» አለች ሴትዮዋ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። «ኖ ካለ ኖ ነው። ደግሞ መጠየቅ ሰውን መናቅ ነው።»

«መናቅ?»

«አዎና። የተናገረውን አላመንከውም ማለት ነው። ሰው እንደ ልጅ ይነዘነዛል?»

ይኼ አስደነገጠኝ። ማናጀሩ ለካ አክብሮኝ ነው በሩን የከፈተልኝ! እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስረግመው ኖሬያለሁ።

ሽማግሌው ዝናቡን ያዩ ነበር። «እናቴ ቤት እንዲህ አልነበረም» አሉ። እሑድ ከቸርች በኋላ ሰው ቤት ሲሄዱ፣ እናታቸው ልጆቿን በር ላይ አሰልፋ ትነግራቸው ነበር፤ ሳህን ሲያቀርቡላችሁ አይ፣ እናመሰግናለን በሉ፤ ሁለተኛ ሲሏችሁም አይ በሉ፤ ሦስተኛ ሲሉ ብሉ። «ቀድሞ እጁን የዘረጋ፣ ቤት ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «እናትዎ የኛ አገር ሰው ናቸው!»

«የሊቶኒያ ሰው ናት» አሉ። «ደግሞ ስማ። እሱ ለሳህን ነው። ሥራ ሲሆን ግን ያቺው እናቴ፣ አፉን ሳይዘጋ ዬስ ሰር በለው ነበር የምትለኝ። እኛን ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ሽማግሌው፣ «ያ ሰው አንተ ነህ፣ አይደል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ስለ አስተርጓሚውም ጭምር። ሴትዮዋ ስልኳን አስቀመጠች። «ያልከውን ካስተረጎመ ምን አጠፋ?» አለች።

«እዚያ ያስቀመጡት ቃል እንዲያመላልስ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ማናጀሩ የማያውቀውን ስለሚያውቅ ነው። አንዴ ጨምረህ ጠይቀው ማለት ነበረበት።»

እሷ አልተቀበለችም፤ እሳቸውም አልለቀቁም። ሲከራከሩ ተውኳቸውና ወደ ማድረቂያዎቼ ተመለስኩ። ዓመታት የተሸከምኩትን ነገር አንድ ሽማግሌ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡልኝ። ቀለለኝ። የሺፍቴ ነገር ግን ያው ነው፤ ባለቤቴንም የማያት ያው በር ላይ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ያሠለጥኑኝ ጀመር። መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ጋሪ ስገፋ፣ ድንገት ከኋላዬ መጥተው «ሥራ ልስጥህ?» ይሉኛል። ሳልተነፍስ «ዬስ ሰር፣ አይድ ቢ ግላድ ቱ» ማለት አለብኝ፤ ደስ እያለኝ እሠራለሁ ማለት ነው። ለመድኩት። አንድ ቀን ደግሞ የሳንድዊቻቸውን ግማሽ ዘረጉልኝ። «ኖ፣ ኖ» አልኩ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ራሳቸው በሉት። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ።

ጊዜ ሄደ። ማናጀሩ ተቀይሮ ሴት መጣች። አስተርጓሚውም ትራክ ልነዳ ነው ብሎ መልቀቂያ ሰጠ። ወዲያው ማናጀሯ ቢሮ አስጠራችኝ። ስገባ አስተርጓሚው ቆሟል፤ ቁልፍ ሊያስረክብ ነው እንጂ ለኔ ብሎ አልነበረም። አስተርጓሚ ደግሞ አያስፈልገኝም። ያለችውን አንድ በአንድ ሰማሁ። ሥራህ ጥሩ ነው፤ የቀኑን ሺፍት ኃላፊነት ትወስዳለህ?

«ዬስ ማም» ምላሴ ላይ ነው። ስንት ጊዜ የተለማመድኩት። ግን የአገሬ ሰው አጠገቤ ቆሟል። ገና ቁልፉ ከእጁ ሳይወጣ፣ በአገር ሰው ፊት፣ በአንድ ቃል እጄን ልዘርጋ? አፌ ከኔ ቀደመ።

«ኦ፣ ኖ፣ ኖ» አልኩ። «ከኔ የተሻለ ሰው አለ።»

በእንግሊዝኛ። በራሴ አፍ። ማንም ሳያስተረጉምልኝ።

ማናጀሯ ቅር አላት። «ይገባኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ከወንበሯ ልትነሳ ጀመረች። የባለቤቴ ጫማ ታየኝ፣ በሩ ታየኝ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔን አላየኝም፣ እሷን ነው የሚያየው። «አንዴ ጨምረሽ ጠይቂው» አላት።

«ምን አልክ?»

«በኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም። ደግመሽ ጠይቂው።»

ግራ ገባት። አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ደግማ ጠየቀችኝ።

«ዬስ ማም፣ አይድ ቢ ግላድ ቱ» አልኩ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ፣ «አምስት ሰው ቢያስተምርህም ያው ነህ» አለኝ በአማርኛ።

«አንተም ልትለቅ ስትል ማስተርጎም ለመድክ» አልኩት።

ሳቅ አለ። እኔ አልሳቅኩም። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም፣ ምን አጥፍቼ? ቁልፉን ዘረጋልኝ። «ያዝ» አለኝ። ሳልግደረደር ተቀበልኩት።

ዛሬም አልወደውም። ትራኩን ይዞ በሄደበት ሰላም ይግባ፤ ከዚህ በላይ ከኔ አይጠበቅም። ለሽማግሌው ስነግራቸው፣ «ስንተኛው ላይ ነው እሺ ያልከው?» አሉኝ። «ሁለተኛው ላይ።» «ከእናቴ በአንድ ቀድመሃል» አሉ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ኖ ካለ ኖ ነው ትላለች፤ ትበል። እኔና ባለቤቴ አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ገበታ ላይ ነን። መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደምናወራ ጠፍቶን ስለ መኪናዋ ድምፅ ነበር የምናወራው። ስታቀርብልኝ ሳልለመን «ጨምሪ» እላታለሁ። «ስግብግብ» ትለኛለች፤ ትጨምርልኛለች።

ነገሩ ያለቀው፣ ቁልፉ እጄ የገባው፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት ሦስት ቀን ነው።